አመድ አፋሽ እጅ



በጎ ውሎ ክፉ የተመለሰለት ሰው «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ይላል። በዓለም ከተማ፣ በመስጂዳችን ግቢ ውስጥ ይህ አባባል ሁለት ዓመት ሙሉ መቀለጃችን ሆኖ ከርሟል። ምክንያቱም የምር አመድ ስናፍስ ነው የቆየነው። በጀሪካንና በባልዲ የበቀለውን ቲማቲም ያያችሁ ወንድምና እህቶች «አመዱ ስንት ነው?»፣ «አፈሩ የትኛው ነው?» እያላችሁ ጠይቃችሁናል። በሁለት ቃል ለመመለስ ፈርተን ዝም ብለን ነበር። አንድ ጊዜ በሁለት ቃል መልሰን የሰው ንብረት አጥፍተናልና። ስለዚህ ታገሱንና ከመጀመሪያው እንንገራችሁ።

ከመስጂዱ ጀርባ ማድቤት አለ። በረመዷን ማፍጠሪያው፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የሰደቃው ምግብ የሚበስለው እዚያ ነው። የሚነደው የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ ከጀማ ቆላ የሚመጣ የማሽላ አገዳ፣ ሲጠፋም የሽምብራና የጤፍ ገለባ ነው። አመዱ አጥሩ ሥር ይደፋል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ክምሩ አጥሩን ሊያህል ምንም አልቀረውም ነበር። ነፋስ ሲነሳ እየበነነ ሰጋጁ ልብስ ላይ ያርፋል። ኢማማችን «ይህን ነገር አንድ በሉት እንጂ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። እኛም እሳቸውን የምናግዝ እንደመሆናችን ነገሩ የኛ ሥራ ነበር፤ ግን ዛሬ ነገ እያልን አቆየነው።

ከዐስር ሰላት በኋላ ያንኑ አጥር ተደግፈው የሚቀመጡ ወጣቶች ነበሩ። እኛን ጨምሮ አሥራ አንድ እንሆናለን። ሁለቱ ዲግሪ አላቸው። አንዱ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ለመሻገር ደላላ ማነጋገር ጀምሮ ነበር። መሬት ያለው ማንም የለም። ወቅቱ የ2016 ጥቅምት ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ በሙከ ጡሪና በለሚ በኩል የሚመጣው ሸቀጥ ይቀራል፣ ገበያው ላይ ያለው ሁሉ ይወደዳል። ቲማቲም በኪሎ መሸጡ ቀርቶ በፍሬ ተቆጥሮ ይሸጥ ጀመር። ከኛ ወደ ታች ሲወርዱ የጀማ ወንዝ ሸለቆ አለ፤ ሙቀትም ውሃም ያለው። ወደ ላይ መንዝ ነው፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ውርጭ ቲማቲምን የማያስቆምበት አገር። እኛ መካከል ላይ ነን። ቲማቲም ይበቅልልናል፣ ግን የሚያበቅል መሬት የለንም። ያለን የተቆረጠ ጀሪካን፣ ያረጀ ባልዲ፣ ከግቢው ተዳፋት የሚቆፈር ቀይ አፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አመድ ነው።

እኛ በመድረሳ ያደግን ሰዎች ነን። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አፈር የምናውቀው በተየሙም ምዕራፍ የተማርነውን ብቻ ነበር። ስለ አመድ ግን አንድ ነገር ከዐረብኛው አግኝተን ነበር፤ እሷ ናት ያሳሳተችን። «አል-ቀሊ» የሚባል ቃል አለ። ጨዋማ መሬት ላይ የሚበቅሉ ተክሎችን አቃጥለው የሚያገኙት አመድ ነው። ሳሙናና ብርጭቆ ይሠሩበት ነበር። ፈረንጆቹ «አልካሊ» የሚሉት ይህንኑ ቃል ወስደው ነው። ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሰንጠረዥ ስትሸመድዱ የፖታሲየም ምልክት ለምን «ኬ» እንደሆነ ገርሟችሁ ከሆነ፣ «ካሊየም» ከሚለው ስም ነው፤ እሱም የመጣው ከ«ቀሊ» ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በጡለይጡላ ከተማ የነበረው ኢብኑ በሳል የማዳበሪያ ዓይነቶችን ሲዘረዝር አመድንም ቆጥሯል። ከሱ በኋላ የኢሽቢሊያው ኢብኑል ዐዋም ስለ እርሻ ትልቅ ኪታብ ጽፏል። ቲማቲምን ግን ሁለቱም አያውቁትም። ቲማቲም የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ እነሱ አገር የገባው እነሱ ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ይህችን ልዩነት ያኔ ልብ አላልናትም።

አንድ ሐሙስ ማታ ይህንኑ ለወጣቶቹ አወራንላቸው። «በነፃ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠን የማዳበሪያ ዋጋ እናማርራለን። አመድ ማዳበሪያ ነው፣ አባቶቻችን ጽፈውታል» አልን። አነጋገራችን ሲያምር ለራሳችንም ይሰማን ነበር። በማግሥቱ ሠላሳ ጀሪካን ቆርጠን፣ ግማሽ ቀይ አፈር ግማሽ አመድ አድርገን ሞላን። ችግኝ ገዝተን ተከልን።

ያ ደላላ ያነጋገረው ወንድማችን ወሬውን ለእናቱ ይዞ ሄደ። እናቱ ጓሮ አላቸው፤ ትንሽ ናት፣ ግን መሬት ናት። ልጃቸው እንዳይሄድባቸው አንድ ነገር ማስያዝ ይፈልጉ ነበር። ያለቻቸውን ፍየል ሸጠው ሁለት መቶ የቲማቲም ችግኝ ገዙ። ልጁ የመስጂዱን አመድ በጆንያ ተሸክሞ ወሰደላቸው፤ እኛም አብረን አሸከምነው። በየመደቡ ሁለት ሁለት ባልዲ በተኑበት።

በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ እንደ ተለበለበ ሆነ። በሳምንቱ ከሠላሳው ጀሪካን ሃያ ሁለቱ ሞቶ ነበር። የቀሩት አዲስ የሚያወጡት ቅጠል ቢጫ ነው፤ ሥሩ ብቻ አረንጓዴ መስመር ሆኖ ይታያል። አፈሩና አመዱ ውሃ ሲነካቸው ተለስነው አንድ ሆኑ። ውሃው ከላይ ይቆማል፣ ሲደርቅም ጣት አያስገባም። ወደ እናትየው ጓሮ ስንሄድ ያገኘነው ያንኑ ነው፤ የጓሮው ግን ሁለት መቶ ነበር። ምንም አልተናገሩንም። የደረቁትን እየነቀሉ ነበር፤ ቡና አፈሉልን።

ልጁ በጥር ወጣ። አመዱ ነው ያስወጣው አንልም። መውጫውን ከኛ በፊት ሲያስብ ነበር። ግን ያ ጓሮ ለምልሞ ቢሆን ኖሮ አንድ የሚያስቀምጥ ምክንያት ይኖረው ነበር፤ ያን ምክንያት ደግሞ ባላወቅነው ነገር ተናግረን ያጠፋነው እኛ ነን። የምናስተምረውን ኪታብ አንድ ገጽ ሳናጣራ ለደረሳ አናስቀራም። ለሰው ጓሮ ግን ሳናጣራ ተናገርን።

ገንዘብ አዋጥተን ይዘን ሄድን። እናትየው አልቀበልም አሉ። «የጠፋብኝ ችግኝ ነው፣ ልጆቼ። ብር ከሰጣችሁኝ ለዘይት ይወጣል። ችግኝ አምጡልኝ፤ ካወቃችሁበት» አሉን። ያቺ «ካወቃችሁበት» የምትለዋ ናት ሥራውን እንደገና ያስጀመረችን።

ጎረቤታችን የሆነ አንድ የግብርና ባለሙያ አለ፤ ክርስቲያን ነው፣ የመውሊድም የፋሲካም ቡና አብረን የምንጠጣ። የደረቀውን ጀሪካን ሲያይ ሳቀ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀን። አንድ ማንኪያ አመድ በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ «በሁለት ጣታችሁ እሹት» አለን። እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሎሚ ጠብ ሲያደርግበት አረፋ ደፈቀ። «ይሄ ኖራ ነው በሉት» አለ። ከነገረን ውስጥ የገባንን በኛ ቋንቋ እናስቀምጠው።

ተክል ሲቃጠል ሁሉም ነገሩ አመድ ውስጥ አይቀርም። ቅጠልን የሚያለመልመው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። አመድ ውስጥ የሚቀረው በብዛት ካልሲየም፣ ከዚያ ፖታሲየም፣ ጥቂት ማግኒዚየምና ጥቂት ፎስፈረስ ነው። ስለዚህ «አመድ ማዳበሪያ ነው» ያልነው እኩሌታው እውነት ነበር። ፍሬ ለሚሰጥ ተክል ፖታሲየሙ ይጠቅማል፣ ለማደግ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ግን እሱ ዘንድ የለም። ሁለተኛው የአሲድና የአልካሊ ነገር ነው። ቲማቲም የሚወደው የአፈር ፒኤች ከ6 እስከ 6.8 አካባቢ ነው፤ የአመድ ውሃ ግን ከ10 በላይ ይወጣል። አፈሩ እንዲህ አልካሊ ሲሆን ብረት በውስጡ እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ያ ቢጫ ቅጠል ከነአረንጓዴ መስመሩ የብረት ረሃብ ነበር። የቅጠሉ ጫፍ የተቃጠለው ደግሞ ከአመዱ ጨው ነው።

ጭቃ አፈሩስ? እኛ ጭቃውን እንደ ዕቃ መሙያ ነበር የቆጠርነው። የሸክላ አፈር ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ነው፤ ገጽታዋም እንደ ካልሲየምና ፖታሲየም ያሉትን ይይዛል፣ ሥሩ ሲፈልግ ይለቃል። አሸዋ ላይ የተበተነ አመድ ውሃ ያጥበዋል፤ ሸክላ አፈር ላይ የተበተነው ግን ይቆያል። ክፋቱ አየር አለማስገባቱ ነው። ሥር ደግሞ አየር ይተነፍሳል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነውን ዋልካ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በክረምት አብጦ እግር ይውጣል፣ በበጋ ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል። ይህን የሚፈታ ነገር ጠፍቶን ሳለ መፍትሔው ካልጠበቅነው ቦታ መጣ።

ከወጣቶቹ የአንዱ አያት ከመንዝ ለሕክምና መጥተው እሱ ቤት አርፈው ነበር። ስለ አመድ ስንከራከር ሰምተው «እናንተ ጋይ አታውቁም?» አሉን። አናውቅም ነበር። በመንዝም በደብረ ብርሃንና በሸኖ ዙሪያም በደጋው የነበረ የገብስ አሠራር ነው። ብዙ ዓመት ያረፈ መሬት ይታረሳል፤ ጓሉ ከነሣር ሥሩ ሲደርቅ እየተሰበሰበ በየቦታው ይከመራል። ክምሩ ውስጥ ኩበት ይከተትና እሳት ይለኮሳል። እንደ ከሰል ክምር ውስጥ ውስጡን እየጤሰ ቀናት ይፈጃል። የነደደው አፈር ቀላ ብሎ ይፈረፈራል፤ ያን መልሰው መሬቱ ላይ በትነው ገብስ ይዘሩበታል። «እንዴት ነው ምርቱ?» አልናቸው። «የመጀመሪያውን ዓመት ታበላሃለች። ሁለተኛውን እንደምንም። ከዚያ ልጅህ እስኪያድግ ታሳርፋታለህ» አሉን።

ይህ የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሳህለመድህን ሰርፁ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከፔድሮ ሳንቼዝ ጋር ሆነው በ1978 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የኛን አሠራር መነሻ አድርገው፣ አፈር በእሳት ሲጋይ የሚደርስበትን ለውጥ መርምረው አሳትመዋል። ሸክላው ቅንጣት በእሳት እየተያያዘ አሸዋ የሚያህል ይሆናል። ስለዚህ አፈሩ ይፈታል፣ ውሃም ያሳልፋል። ነገር ግን የበሰበሰው ነገርና ናይትሮጅኑ ይነዳል፤ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። አያታችን በሦስት ዐረፍተ ነገር የነገሩን ይህንኑ ነው። እኛም አያትየው ቡናቸውን እስኪጨርሱ አንድ ነገር ገባን። እኛ ጀሪካን ውስጥ ያደረግነው ጋይ ነበር፤ ያውም የተቃጠለው አፈር ሳይኖርበት አመዱ ብቻ የበዛበት ጋይ።

መሬት ማቃጠል አላስፈለገንም። በእሳት የበሰለ ሸክላ በየቤቱ ተሰብሮ ይጣላል፤ ምጣድ፣ ጀበና፣ ማሰሮ። ገሉን ከሸክላ ሠሪዎቹ ደጅ፣ ከየጎረቤቱ ጓሮ ለቅመን በድንጋይ ፈጨነው፤ ከምስር ከፍ፣ ከሽምብራ አነስ እስኪል። ገል ውሃ ቢጠጣም አያብጥም፣ አይለሰንም። ቀይ አፈሩ ውስጥ ሲገባ መተንፈሻ ይከፍታል። የሚያሳፍረው ይህ ሁሉ ገል ስንረግጠው የኖርነው መሆኑ ነው።

ሁለተኛ ስሕተትም ሠርተናል። ናይትሮጅን ይጎድላል ስለተባልን ትኩስ የዶሮ ኩስ አምጥተን ከአመድ ጋር በአንድ በርሜል ደባለቅን። ውሃ ሲነካው የተነሳው ሽታ ዓይን ያስለቅስ ነበር፤ የመግሪብ ሰጋጅ በሻሽ አፍንጫውን ይዞ ገባ። ያ ሽታ አሞኒያ ነው፤ አመዱ የኩሱን ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ለውጦ እያባረረው ነበር። የምንፈልገውን ነገር በገዛ እጃችን ሰማይ ላይ በተንነው። ዩሪያም ከአመድ ጋር ቢነካካ መጨረሻው ያው ነው። አሁን አመዱን ከአፈሩ ጋር አድርገን፣ አርሰን፣ ሦስት ሳምንት እናስቀምጠዋለን። የተብላላ ፍግ የምንጨምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚህ መካከል አንድ ታናሽ ደረሳችን ጥሩ ጥያቄ አነሳ። «የኩበት አመድ መስጂድ ግቢ ውስጥ መግባት አለበት ወይ?» አለ። ጉዳዩ ኪታብ ቤት የታወቀ ነው። በሻፊዒዮቹ ዘንድ የከብት ኩበት ነጃሳ ነው፣ በመቃጠሉም ብቻ አይጠራም። በሐነፊዮቹ ዘንድ አመድ ሲሆን ነገሩ ተለውጧልና ይጠራል። ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ደግሞ ሥጋው የሚበላ እንስሳ ፋንድያን ከመሠረቱ ነጃሳ አያደርጉትም። ፍሬው ግን በምን ላይ ቢበቅል ንጹሕ ነው፤ ፍጉ የነካው ካለ ይታጠባል። ኢማማችን ሁሉንም ሰምተው «የእንጨትና የአገዳ አመድ ሞልቶ ሳለ ክርክሩን ምን አመጣው? ኩበቱን ለየቤታችሁ ተዉት» አሉ። ባለሙያው ጎረቤታችንም ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ የኩበት አመድ አፈርና አሸዋ ስለሚበዛበት ከእንጨቱ ይልቅ ደካማ ነው አለን። በሌላ በኩል የከተማ አመድ ፌስታል፣ ቀለም የተቀባ ጣውላና ባትሪ የተቃጠለበት ከሆነ አትንኩት። ያ አመድ ሳይሆን መርዝ ነው። የአመድ ውሃ ቆዳም ይሰነጥቃል፤ ሁለት ወንድሞቻችን በባዶ እጃቸው ሲያፍሱ ቆይተው ለሳምንት ዉዱእ ሲያደርጉ ያማቸው ነበር። ፌስታልም ቢሆን እጃችሁ ላይ እሰሩ።

በ2017 እንዲህ አደረግን። ሦስት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የተፈጨ ገል፣ አንድ እጅ የተብላላ ፍግ። ሃያ ሊትር በሚይዝ አንድ ባልዲ ይህ ሁሉ ሲሞላ የሚገባው አመድ አንድ እፍኝ ብቻ ነው፤ በወንፊት የተነፋ፣ ዝናብ ያልመታው። ዝናብ የመታው አመድ ፖታሲየሙ ታጥቧል። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ግማሽ እፍኝ ይበቃል፣ ወይም ተዉት፤ ዋልካ ብዙ ጊዜ አሲድነት የለበትም። ይህ የኛ አፈርና የኛ አመድ ልክ ነው። የናንተው ሌላ ሊሆን ስለሚችል በሁለት ባልዲ ሞክሩት፣ አንዱን አመድ የሌለበት አድርጉት፣ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ የሚሞተው ሁለት ችግኝ ብቻ ነበር።

ባልዲው ሥር አራት ቀዳዳ ይበሳል፣ ቀዳዳው ላይ ትልልቅ ገል ይነጠፋል። ችግኙ እስከ መጀመሪያው ቅጠሉ ድረስ ይቀበራል፤ የቲማቲም ግንድ አፈር ሲነካው ሥር ያወጣል። ክረምት ላይ ደጅ አትትከሉት፤ ብርዱና ዝናቡ ሲገናኙ ቅጠሉ ጠቁሮ በጥቂት ቀን ያልቃል፣ ያንን በሽታ አመድ አይመልሰውም። እኛ የምንተክለው ጥቅምት ላይ ነው።

ውሃው የዉዱእ ውሃ ነው። ሳሙና የለበትም፤ ቧንቧው ሥር ካለው ቦይ እየተሰበሰበ ይመጣል። ለዉዱእ አንድ ጊዜ ካገለገለ በኋላ ዳግም ያነጻል ወይስ አያነጻም የሚለው ክርክር ቲማቲሙን አይመለከተውም። ግን እዚህም ላይ ተማርን። የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ታቻቸው እየጠቆረ ይበሰብስ ጀመር። ያየ ሁሉ «ካልሲየም አነሰው፣ አመድ ጨምሩበት» አለን። ምክር ሰጪ በዚህ አገር ሞልቷል፤ እኛም ከነሱ አንዱ ነበርን። ካልሲየሙስ አፈሩ ውስጥ ነበረ። ካልሲየምን ወደ ፍሬው የሚያደርሰው ውሃ ነው፤ የኛ ውሃ ደግሞ እንደ ሰጋጁ ነበር። ጁሙዓ ቀን ቦዩ ሞልቶ ባልዲዎቹ ይዋኛሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ቧንቧው ይጠፋል፣ አፈሩ ይሰነጠቃል። ሥሩ ሲሰምጥና ሲጠማ ፍሬው ታቹን ይከፍላል። አሮጌ በርሜል ቦዩ ሥር አቆምን፤ የጁሙዓው ውሃ እየተጠራቀመ በየቀኑ ማለዳ በጣሳ ተለክቶ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህ የጠቆረው ፍሬ በጣት የሚቆጠር ነው።

ከአርባ ባልዲ ዘጠና ኪሎ ገደማ አገኘን። አልሐምዱሊላህ። ሥራ አገኘን አንላችሁም፤ ዘጠና ኪሎ ለአሥር ሰው ሲካፈል የማንንም ቤት አያቆምም። ሲሶው ለረመዷኑ ማፍጠሪያ ሾርባ ገባ፣ ቀሪውን ሸጠን ለቀጣዩ ዘር ገዛን። ከወጣቶቹ ሁለቱ አሁን ችግኝ እያፈሉ ይሸጣሉ፤ እሱ ከፍሬው ይሻላል፣ ቦታ አይፈልግም፣ በአምስት ስድስት ሳምንት ይደርሳል። የአመዱ ክምር ግን ብዙም አልጎደለም። በእፍኝ የሚወሰድ ነገር ክምር አይጨርስም።

የእናትየው ሁለት መቶ ችግኝ ከሁሉም በፊት ነበር የተፈላው። ያን ጓሮ ለማስተካከል አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቷል። የተበተነውን አመድ ከላይ ጠርገን አነሳን፣ የቀረውን ዝናብ አጠበልን፣ ገልና ፍግ ጨመርንበት። ልጃቸው ያኔ የመን ነበር። ድምፁን ከሰሙ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር፤ አሁን አልሐምዱሊላህ ተሻግሮ ይደውላል። ችግኙን ይዘንላቸው የሄድን ቀን መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሁለት መቶ አሥር ነበር። ሰባቱን ቀጫጭኖች ለይተው «እነዚህን ውሰዱ፣ አይቆሙም» አሉን።

ከዚያ «አመዱስ?» አሉ። በዘንቢል ይዘን ነበር። ለየጉድጓዱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቁን፤ ቀድሞ የታረመ መሬት ስለሆነ ቁንጥር ነው አልናቸው፤ አንዳችን በእጁ አሳየ። እጁን ያዙና አመዱን አዩት። ግማሹን መልሰው ዘንቢሉ ውስጥ አራገፉት።

«የናንተ ቁንጥር ትልቅ ነው» አሉን።